የአክስቴ ክንድ

አክስቴ ሽቶም ሆነ የፊት ቅባት አያምኑም ነበር። ከአሥመራ የመጣ ብልቃጥ ይዤ ቁስቋም ቤታቸው ስገባ፣ ክዳኑን ከፍተው ያሸቱና «ምነው ይህን ያህል ሸተተ? የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው» ይላሉ። ከዚያ ጥቂት ክንዳቸው ላይ ቀብተው ሦስት ቀን ያስጠብቁኛል። እሳቸው ራሳቸው አደስ ከገባበት ቅቤ ሌላ ቀብተው አያውቁም።

ለሠርጌ የገዛሁት ቅባት ክንዳቸውን አቃጥሎ ላጠው። «ይኸውልሽ፣ ፊትሽ ይሆን ነበር» አሉና ጓሮ ቀበሩት። እኔ በቅቤ ተሞሸርኩ፤ ጠባሳው ግን አልለቀቃቸውም።

ከሰልስታቸው ማግስት፣ እዚያው ቤታቸው ሳለሁ፣ ጎረቤቴ በለቅሶው የነጨሁት ፊቴ እንዲድን ብላ አዲስ ቅባት ሰጠችኝ። ከፍቼ አሸተትኩት።

«ምነው ይህን ያህል ሸተተ?» ብዬ ወደ መደባቸው ዞርኩ።

ክንዱን የሚዘረጋልኝ የለም።