ለባሕር ዋስ የሆንኩበት ማሳ

ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ወደ ደብረ ኤልያስ የምጓዘው ዋስ የሆንኩበትን ማሳ ለማየት ነው። አትሳቁ! ለዝናብ ዋስ የሆነ የአየር ትንበያ ባለሙያ ከእኔ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ የደብረ ኤልያስ ገበሬዎችን ሰብስቤ፣ "ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በቆሎውን ትታችሁ ፈጥኖ የሚደርስ ጤፍ ዝሩ" አልኳቸው።

"በምን አወቅህ?" አሉኝ አጎቴ አያ ደምሌ።

በሩቁ ታላቅ ውቅያኖስ፣ በምድር ወገብ ላይ የተደረደሩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች እንዳሉ ነገርኳቸው። ሞገድ እንዳይወስዳቸው፣ ሜዳ ላይ እንደታሰረ በቅሎ፣ ከባሕሩ ወለል ጋር በመልህቅ ታስረዋል። የውሃውን ሙቀት ከላይ እስከ ጥልቁ፣ ነፋሱንም እየለኩ በሳተላይት ይልካሉ። ያ ባሕር ከወትሮው ሲሞቅ ብዙ ጊዜ የእኛ ክረምት ይሳሳል፤ ዘንድሮም ሞቋል።

የአጎቴ ሚስት እቴ አልጋነሽ ግን በዚህ የሚበገሩ አልሆኑም። "ለአንዲት ጊደር እንኳ ዋስ ይጠራል፤ የዓመት ቀለባችንን ያለ ዋስ ልንሰጥህ ነው? ዋስ ጥራ!"

"ራሴ ነኝ ዋሱ።"

"ባለጉዳይ ለራሱ ዋስ ሆኖ ያውቃል?"

"ባለጉዳዮቹ ባሕሩ ላይ ያሉት ናቸው፤ እኔ የእነሱ ዋስ ነኝ!"

ሰዉ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ጤፉ ካልደረሰ ከእናቴ ጎተራ ለአጎቴ ቤት ልሰፍርላቸው በሽማግሌ ፊት ቃል ገባሁ።

ረፋድ፣ ከአማኑኤል ወዲያ

አማኑኤል ላይ ሻይ በትኩስ ዳቦ ቀማምሼ ሌላ መኪና ያዝኩ። ጠጠሩ መንገድ ያንገጫግጫል። ዝናቡ እንዳልኩት ቶሎ ወጥቷል፤ ግራ ቀኙ በቆሎ ፍሬ ሳይቋጥር ደርቋል። ልክ በመሆኔ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ። የጤፉን ግን ገና አላየሁም።

ቀትር፣ ደብረ ኤልያስ

አያ ደምሌ ከዘመዶቻቸው ጋር አጨዳ ላይ ናቸው። እቴ አልጋነሽ አንድ ዘለላ ጤፍ በመዳፋቸው አሽተው፣ ገለባውን እፍ አሉና ፍሬውን እጄ ላይ አፈሰሱት። ሙሉ ነው!

"በል፣ ዋስትናህ ወርዶልሃል" አሉኝ።

"ተመስገን! ጎረቤቶቻችሁስ?"

"በቆሎ ነው የዘሩት። አንተ ተናግረህ ሄድክ፤ እነሱ ዋስ ጥራ አላሉህም።"

አመሻሽ፣ ቤቴ

ያ ሁሉ መለኪያ ከባሕር የላከውን ወሬ ስብሰባው ላይ ሁሉም ሰምቶታል፤ ያመነው አንድ ቤት ብቻ ነው። ለከርሞ ግንቦት፣ ተንሳፋፊዎቹ የሚሉትን ተናግሬ ዝም ብዬ አልመለስም። ዋስ ጥራ እስኪሉኝ ድረስ እዚያው እቀመጣለሁ።