አርባ አንድ ለሁለት

ማሸነፍ ይሰለቻል ብል ማንም አያምነኝም። እኔን ግን ሰልችቶኝ ያውቃል። ምዕራብ ለንደን ውስጥ ለአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ እጫወት ነበር፣ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት። ቡድናችን ጉድ ነበር። ሊጉ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ! አንዱ ኮሌጅ አምስት ልጅ ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ቅያሪ የለ፣ ምን የለ። ሌላው ልጆቹን ከዳንስ ክፍል ለቃቅሞ ነው የሚያመጣቸው። እኛ ደግሞ ባተርሲ ከሚባል ሰፈር የምትመጣ፣ ሳቅ የሚባል ነገር የማታውቅ አሰልጣኝ ነበረችን፤ በሳምንት አራት ቀን ላብ በላብ ታደርገናለች። ስለዚህ ማን ያሸንፋል ብለን አንጨነቅም፤ የምንወራረደው በስንት እንደምናሸንፍ ነው። በእረፍት ሰዓት የምናወራው ስለ ፀጉር ነበር። ከተጋጣሚዎቻችን የብዙዎቹን ፊት አላስታውስም፣ ይሄ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ለኔ ግን ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እናቴና እኔ ለንደን የገባነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር አንዲት ዘመዳችን ቤት ተጠግተን፣ የመኖሪያ ወረቀታችንን ስንጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈን። እናቴ ሥራ መሥራት አይፈቀድላትም። እኔ ደግሞ ወረቀት ስለሌለኝ ለተማሪ ብድር አፕላይ ማድረግ አልችልም፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁም እንደ ውጭ አገር ሰው ክፈዪ ነው የምባለው። ከየት አባቴ አምጥቼ!

አንድ ቀን አሰልጣኛችን ወደ ጎን ጠራችኝና፣ «የሚመጣው ረቡዕ የአንድ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ልታይሽ ትመጣለች። ሙሉ ስኮላርሺፕ የምትሰጠው ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው። እኔ ያነሳሁላት አንቺን ነው» አለችኝ። ያን ሳምንት እናቴ ለማርያም ተሳለች፤ ምን እንደተሳለች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ረቡዕ ዕለት እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። ቅርጫት ኳስ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ተጋጣሚዎቻችን እነዚያው አምስት ልጅ ብቻ ያላቸው ነበሩ። ከመሀላቸው አንዷ ሚጢጢ ነች፣ መነጽሯን በክር ከጭንቅላቷ ጋር ያሰረች፣ እሷን የምይዛት እኔ ነኝ። ለእረፍት ስንወጣ እናቴ በጣቷ ጠቀሰችኝ።

«ስንት ለስንት ናችሁ?»

«አርባ አንድ ለሁለት።»

«ሁለቱ የናንተ ነው?»

«ኧረ የነሱ ነው!»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ደረቷን ይዛ። «ቤታችሁ ድረስ የመጡ እንግዶች እኮ ናቸው!»

«እማዬ፣ ጨዋታ ነው።»

«ቢሆንስ? እንግዳ ባዶ አፉን ይሸኛል? ያቺን ባለመነጽሯን እያት እስቲ፣ አንጀት ትበላለች። አንዲት ብታስገባ ምን ይጎድልብሻል? እንዲህ ነው እንዴ ያሳደግኩሽ?»

እንዲህ ነው እንዴ ያሳደግኩሽ የምትባለዋን ነገር የሐበሻ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። መልስ የላትም። ሌላ ነገር በሉኝ፣ እከራከራለሁ፤ እሷን ስሰማ ግን የአምስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ አርባ አንድ ለሁለት እየመራሁ አንዲት ጎል ምን ታደርገኛለች ብዬ አሰብኩ። ዳር ተቀምጣ የምታየኝ የዩኒቨርሲቲዋ አሰልጣኝም፣ እናቴም፣ ሁሉም ሰው ደግ ልጅ ነች ይለኛል ብዬ ነበር፣ ሞኝ!

ከእረፍት እንደተመለስን ትንሽ ቆይቶ ኳሱ ሚጢጢዋ እጅ ገባ። ከቅርጫቱ ሥር ነን። አንድ እርምጃ ወደ ጎን አልኩላት፣ እጄን አወረድኩ፣ ይባስ ብዬ ፈገግ አልኩላት። ጉርሻ እንደማጎርሳት ነበር የተሰማኝ።

ልጅቷ አልወረወረችም። ኳሱን አቅፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ተጫወቺ!» አለችኝ። እጄን እንዳወረድኩ ብቀር ጮክ ብላ ደገመችው። «ተጫወቺ እንጂ!»

ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ እንደዚያው ቆመች፤ ከዚያ ኳሱን ለዳኛው ሰጥታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አሰልጣኜ ቀየረችኝ፣ ጨዋታው እስኪያልቅም መልሳ አላስገባችኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ እንግዳ ስታበላ ከራሷ አፍ ቀንሳ ነው። እኔ ግን የሰጠኋት የተረፈኝን ነው፣ ልጅቷም አውቃዋለች። ዓመቱን ሙሉ እንደ ሰው ሳላያት ኖሬ፣ ባየኋት ቀን አዘንኩላት። የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጨዋታው ሲያልቅ የዩኒቨርሲቲዋ አሰልጣኝ እናቴ ጋ ቆሜ አገኘችኝ። ጨዋ ሴትዮ ነች፣ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ችሎታ አለሽ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «እኔ የምፈልጋት ግን ፊቷ የቆመውን ሁሉ የምታከብር ልጅ ነች። ዛሬ ያቺን ልጅ ባንቺ አላየሁም። ይቅርታ።» የእናቴን እጅ ጨበጠች። እናቴ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ምን አለችሽ?»

ለንደን ከገባን ጀምሮ የእናቴ አስተርጓሚ እኔ ነኝ፤ ሐኪም ጋ፣ ጠበቃ ጋ። ጠበቃው ክፉ ወሬ ሲነግረን እንኳ አንዲት ቃል አጉድዬባት አላውቅም።

«ሰው አክባሪ ነሽ አለችኝ» አልኳት። «ስኮላርሺፑን ግን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል።»

«ስኮላርሺፑ ይቅር!» አለች እናቴ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «እግዜር ያውቃል። ይሄን ማለቷ ይበልጥብኛል።»

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ወረቀታችን መጥቶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ግን ያቺን ቀን አልረሳቻትም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ ሰው ካገኘች ታሪኩን ከስሩ ትጀምርለታለች፤ ልጄ ለእንግዳ ራርታ፣ ፈረንጇ እንኳ ጨብጣኝ፣ ምስክርነቷን ሰጥታ፣ እያለች። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ትልና ወደኔ ዞር ትላለች።

«ውሸቴን ነው?»

«እውነትሽን ነው፣ እማዬ» እላታለሁ።