አሥራ ሁለተኛዋ ጥንድ

ከባለቤቴ ከሽፈራው ጋር መጨረሻ ያደረግነው ተራ ነገር የልብ ምት መቁጠር ነው። ጠዋት በረንዳው ላይ የእጄን አንጓ ይዞ ሰዓቱን እያየ፣ «ሰባ አራት። ትናንት ሰባ ሁለት ነበርሽ» አለኝና ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርነው።

ልማዱ የመጣው ከኮልፌ ነው። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ሁለታችንም የባዮሎጂ ተማሪዎች ነበርን። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ፣ ጾም የልብ ምትን ይቀንስ እንደሆነ ለማየት የሽፈራውን ሰፈር ሴቶች ከጾሙ በፊትና በጾሙ መጨረሻ ልንቆጥር ተነሳን። አስተማሪያችን፣ «ስንት ሰው? ለምን?» ብለው ጠየቁን።

«መቶ!» አለ ሽፈራው።

«መቶ ሰው ማን ይቆጥርልሃል?» አልኩት። «አንዷን ሴት ከሌላዋ ጋር እኮ አናወዳድርም፤ እያንዳንዷን ከራሷ ጋር ነው። ምንም ሳይለወጥ የአንድ ሰው ምት በራሱ ስንት ከፍ ዝቅ እንደሚል እንወቅ።»

አምስት ጎረቤቶችን በሳምንት ልዩነት ሁለቴ ቆጠርን። ልዩነቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ነበር። ይህ ከፍ ዝቅ በብዙ ሰው አማካይ እርስ በርሱ ይጣፋልና፣ ጾሙ ምቱን በሦስት በአራት የሚቀንስ ከሆነ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃናል፤ በአንድ ብቻ ከሆነ ግን መቶም ላይበቃ ይችላል። ይህ ሲገባኝ የተሰማኝ ደስታ ዛሬም ይገርመኛል። የሚቀር አይጠፋምና አሥራ ስድስት መዘገብን። አስተማሪው፣ «ከአሥራ ሁለት ጥንድ ካነሰ አልቀበልም። ቁጥሩ የራሳችሁ ነው» አሉ።

በቅበላ ሳምንት ሽፈራው በየቤቱ ጥብስ እየቀመሰ ቆጠረ። የሆሣዕና ዕለት ጉንፋን ስለጣለው እኔ ብቻዬን ከቅዳሴ በኋላ በቀጠሯቸው የመጡትን ደጀ ሰላሙ ላይ እያስቀመጥኩ ቆጠርኩ። ከፋሲካ በኋላ ዝርዝሮቹን ስናስተያይ አንድም ስም አልገጠመም። የሱ ብርቄ፣ አስካለ፣ ዘነበች ይላል፤ የኔ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ እንደገና ወለተ ማርያም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስም ብጠይቃቸው የክርስትና ስማቸውን ነበር የሰጡኝ! እንደገና እንዳንቆጥር ጾሙ ተፈትቷል፣ ዶሮው ተበልቷል።

«ጥንዶቹን አፋታሻቸው» አለ ሽፈራው እየሳቀ።

ቤት ለቤት ዞረን የክርስትና ስማቸውንና የተቆጠሩበትን ተራ እየጠየቅን አሥራ አንዱን አገጣጠምን። አራቱ ለበዓል አገር ቤት ሄደው ነበር። የቀሩት ሽንኩርት ነጋዴዋ እማማ ብርቄ ብቻ ናቸው።

«ለእግዜር ቤት የሰጠሁትን ስም ለትምህርት ቤት አልሰጥም! ጠንቋይ እጅ ገብቶ ቢደገምብኝስ?»

ሽፈራው ጎንበስ አለ። «እንግዲያው የኔን ስም በመያዣ ይውሰዱ፣ እማማ። ሀብተ ሚካኤል ነኝ። ካስደገሙም ያስደግሙብኝ።» እኔም ይህን ስሙን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«አንተ ቀልማዳ!» ብለው ሳቁና ጆሮው ላይ አንሾካሾኩለት። እሱም ስሙን ሳይጠራ አንዷ መስመር ላይ ምልክት አደረገ። አሥራ ሁለት ሞላ። የአብዛኞቹ ምት ቀንሶ ነበር፤ አስተማሪውም ተቀበሉን።

በሽፈራው ፍትሐት ላይ ካህኑ «ሀብተ ሚካኤል» ሲሉ፣ ከኋላዬ የቆሙት የሥራ ጓደኞቹ «ማነው?» ተባባሉ። እኔ አውቀው ነበር።

ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። እስከዚያ ሳምንት ያለው በሱ እጅ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በኔ። እሱ ከሄደ ወዲህ ምቴ ተለውጦ እንደሆነ ለማወቅ ስንት ቀን እንደሚበቃ ገና አላሰላሁም። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምቴን ራሴ እቆጥራለሁ፤ እጽፋለሁ።