የሰኞ እንግዶች

አጎቴን አልወዳቸውም። አንቱ እያልኩ ነው የማልወዳቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ቄስ ናቸው፣ ከብልባላ ወዲያ ባለው ደብራችን ስንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠሩ የኔታ ናቸው። እኔንም አስቆጥረውኛል። ያኔም ቢሆን አለንጋቸው ከአፋቸው ይቀድም ነበር። አባቴን አንተ እላለሁ፣ እሳቸውን አንቱ፤ የትኛውን እንደምወድ ከዚህ ማወቅ ይቻላል። ይህን የምጽፈው ግን ስለ አለንጋው አይደለም። ስለ ታናሽ ወንድሜ ሠርግና ስለ አባቴ በሬ ነው።

እኔ ላሊበላ ከተማ ውስጥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቱሪስት በጠፋባቸው ዓመታት ከአሥራ አራት ሠራተኞች አራታችን ስንቀር እኔን ያስቀረኝ ኤክሴል ነው። ስንት አምፖል እንደተቃጠለና ስንት ሳሙና እንደጎደለ ሳይቀር እመዘግባለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ቤተሰብ ውስጥ ሲኖር ምን ያህል እንደሚያስጠላ አውቃለሁ፤ ግድም የለኝም።

ወንድሜ ሊያገባ መሆኑ ጥቅምት ላይ ሲነገር አባቴ ከተማ ድረስ መጥቶ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ወንበር ስሰጠው አልተቀመጠም።

«ድግሱን አንቺ ያዥልኝ» አለ። «የታላቅ ወንድሜን አፍ አልችለውም። ብቻ በሬዎቼ እንዳይነኩ።»

አባቴ ሁለት በሬ ነበረው፣ አንድ ጥማድ። ለከተማ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ጥማድ ያለው ገበሬ መሬቱ ሲርስ ጎህ ሲቀድ ጠምዶ ይወጣል፣ ማንንም ደጅ አይጠናም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ግን እንደሱ አንድ በሬ ያለው ሰው ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱን በሬ አቀናጅተው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን መሬት ያርሳሉ። አባቴ አሥራ አንድ ዓመት መቀናጆ አርሷል፣ ከአጎቴ ጋር። በአሥራ አንዱም ዓመት የአጎቴ መሬት ቀድሞ ይታረሳል፣ የእኛ ይከተላል። ታላቅ ናቸዋ! ሥራ እንደያዝኩ የሁለት ዓመት ደመወዜን አጠራቅሜ ሁለተኛውን በሬ የገዛሁለት ከዚህ ውርደት ላወጣው ብዬ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ወይፈን ነበር፣ ቦቃ። አባቴ ገመዱን ሲቀበለኝ አልቅሷል።

እናም «ሠርግ» ብዬ አንድ ፋይል ከፈትኩ። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ጌሾ፣ ብቅል፣ ሰንጋ፣ የድንኳን ኪራይ፣ የሙሽራ ልብስ፤ ከጎኑ የታሰበው፣ የወጣው፣ የቀረው። የቀረው ከዜሮ ሲወርድ ሳጥኑ ቀይ እንዲሆን፣ ከዜሮ በላይ ሲሆን አረንጓዴ እንዲሆን አደረግሁት። ወንድሜ ያጠራቀመውን አስገባሁ፣ አባቴ ገብስ የሸጠበትን አስገባሁ፣ የራሴን ደመወዝ ከነተበደርኩት አስገባሁ። በሬዎቹን አላስገባኋቸውም። የማይነካ ነገር መስመር ምን ያደርግለታል?

ኅዳር ላይ ለምክር አባቴ ቤት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎች የሠርጉን እሁድ ቀደም ብለው ከአጎቴ ጋር ቆርጠውታል። የቀረው ድግሱ ነው። አጎቴ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፣ እኔ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በርጩማ ላይ።

«ሁለት ሰንጋ ይውደቅ» አሉ። «የወንድሜ ልጅ ሲዳር በአንድ ሰንጋ አልሰደብም።»

«ሁለተኛውን እርስዎ ይገዙታል፣ የኔታ?»

እናቴ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። አጎቴ እኔን ትተው ወደ አባቴ ዞሩ። «ይችን ልጅ ከተማ ልከህ ነው እንዲህ ያደረግሃት» አሉት። አባቴ ሳቀ፤ ሲፈራ እንደዚያ ይስቃል። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚባለው እንዲህ ላሉት ነው ብዬ ልናገር ነበር፣ እናቴ እንደገና ቆነጠጠችኝ።

ደግሞም መፍትሔ ነበረኝ፤ ሦስት ሌሊት የሠራሁበት። ተጋባዡን ለሁለት ከፈልኩት። እሁድ የሙሽራዋ ዘመዶች፣ ካህናቱና ከከተማ የሚመጡት ሰንጋውን ይበላሉ። ሰኞ ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፤ ለነሱ ሽሮ ይሠራል፣ ከእሁዱ የተረፈው አጥንት ይቀቀላል፣ ጠላው እንደሆነ አለ። ጎረቤቶቻችንን ሰኞ ላይ ያደረግኋቸው በስጦታ ገንዘብ የሚያስመዘግቡ ሰዎች ስላልሆኑ ነው። ጉልበት ነው ያላቸው፣ ለጉልበት ደግሞ ሳጥን አልሠራሁም። አሁን ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል። ያኔ ግን ሳጥኑ አረንጓዴ ሆኖልኝ ስለነበር በራሴ ኮርቼ ነበር።

አጎቴ አዳመጡና «ሰኞን ተይው» አሉ።

ሁሉን ሰው እሁድ አስመጥተው ሁለተኛውን ሰንጋ በጓሮ በር ሊያስገቡት ነው ብዬ ነው የሰማሁት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። «የኔታ፣ የቀኑን ነገር ለኛ ይተዉልን። ስልክ አለን» አልኳቸው።

እኚህ ሰው ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። የዓመቱን በዓልና አጽዋማት ጣታቸውን እያጠፉ ሲያሰሉ ለማየት ከሙጃ ድረስ ደብተራ ይመጣል። ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ ከአፌ ሲወጣ አውቄዋለሁ፤ ለመመለስ ግን ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ተነሡ፣ መቋሚያቸውን ያዙ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉና ወጡ።

አባቴ እስከ በር ሸኝቷቸው ተመለሰ። «ለምን ታስቀይሚዋለሽ?»

«በሬህን ነው የምትፈልገው ወንድምህን?»

«ሁለቱንም» አለ። ተናደድኩበት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ እንደ ሰንጠረዡ ሄደ። በርበሬውን በርካሽ አገኘሁ፣ ድንኳኑን ለሁለት ቀን ብዬ ዋጋ አስቀነስኩ፣ ሰንጋውን ገና ሳይወደድ አስገዛሁ። የሠርግ ለት በርበሬ ቀንጥሱ በኛ ቤት አይሠራም እያልኩ እፎክር ነበር። እናቴ ቤት ለቤት ዞራ ጠራች፦ እናንተ እሁድ፣ እናንተ ሰኞ። አንዳንዱ ሰኞ ሲባል ትንሽ ዝም እንዳለ ነገረችኝ። ቅር ብሏቸው ይሆናል አልኩና ተውኩት።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው እሁድ አገር ቤት ነበርኩና ለቅዳሴ ደብራችን ሄድኩ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ማስታወቂያ የሚናገሩት አጎቴ ናቸው። የወሩን በዓላት ተናገሩ፣ የጠፋች ጊደር ተናገሩ። ቀጥለው «የዛሬ ሳምንት እሁድን ውለን በማግሥቱ ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል» አሉ።

ነነዌ ሦስት ቀን ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እህል ራሱ የሚቀመሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ነነዌ ላይ ከብቱ እንኳ ጾሟል እየተባለ ያደግንበት ጾም። ድግስ የሚባል ነገር አይታሰብበትም። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚዞር ገበሬው ከቤተ ክርስቲያን ሰምቶ ነው የሚይዘው። የኔ ስልክ ሰኞን ነጭ ባዶ ሳጥን አድርጎ ነበር ያሳየኝ። የሰኞ እንግዶቼ ግማሾቹ እዚያው ግቢ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። አጎቴም አዩኝ። ፈገግ አላሉም፤ ፈገግ ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ ጠበቅኋቸው።

«ያውቁ ነበር» አልኩ።

«ከመስከረም ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰኞን ተይው አላልኩሽም?»

«ምክንያቱን አልነገሩኝም!»

«መች ጠየቅሽኝ? ስልክ አለን አልሽኝ እንጂ።»

«የወንድምዎ ድግስ ነው እኮ፣ የኔታ።»

«ያንቺ ድግስ መስሎኝ» አሉና መስቀሉን ዘረጉልኝ። ምን ላድርግ፣ ተሳለምኩ።

አንዲት ቃል። ነነዌ። ይችን ቃል ሦስት ወር ሙሉ በጉንጫቸው ይዘው ዞሩ። የወንድማቸውን በሬ ከሚያተርፉ የኔን አፍንጫ መሬት ላይ ማየት መረጡ። እኔስ? ተወልጄ ባደግሁበት አገር፣ በየዓመቱ የምጾመውን ጾም መቼ እንደሚገባ ሳልጠይቅ ሦስት መቶ ሰው ጠራሁ። ስድብ መሆኑን እያወቅሁ የተናገርኩት ቃል ለአጎቴ ብቻ ሳይሆን ለቀኑም ስድብ ሆነ።

የተጠራን ሰው ደግሞ አትምጣ አይባልም። ሁሉም እሁድ ሊመጣ ነው። አንድ ሰንጋ አያደርሰውም፣ ሌላ እንዳልገዛ ጾም ሊገባ ሲል ሁሉም ስለሚድር ገበያው እሳት ሆኗል፣ ከኔ ደመወዝም የተረፈ ሳንቲም የለም። ማክሰኞ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ አባቴን አስቀመጥኩትና የመጨረሻውን ዘዴዬን አሳየሁት፦ የሰኞዎቹ ከድንኳኑ ጀርባ በኩል ይቀመጡ፣ ሽሯቸውን እዚያው ይብሉ፣ ወጡ መለየቱን ማንም አያይም።

አባቴ በዕድሜው ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።

«በአንድ ዳስ ሁለት ዓይነት ወጥ?» አለ። «ታምሜ ተኝቼ ገብሴን ማን አጨደልኝ? አንቺ ነሽ? ይህ ጉልበትሽ ላይ ያለው መኪና ነው? እነዚህ አይደሉም ወይ? ከጀርባ አስቀምጬ ሽሮ ላብላቸው?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

ወጥቶ ወደ በረቱ ሄደ። ተከተልኩት። ሁለቱን በሬዎች በእጁ ዳበሳቸው፣ ጎናቸውን፣ ሻኛቸውን።

«ቦቃው ይሻላል» አለ። «ሥጋ አለው።»

ለመንኩት። የማይሆን ነገር ሁሉ አልኩት፤ ሠርጉ ይተላለፍ አልኩ፣ ወንድሜ ይበደር አልኩ፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ሰው ይሰማል፣ ተነሽ» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቦቃው ከሰንጋው ጋር ወደቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ፣ የሚታይ እንባ ሰበብ እንዲኖረው።

እሁድ ድንኳኑ ሞላ። የሰኞ እንግዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ፣ ጨፈሩ፣ አባቴን መረቁት። አጎቴ በክብር ቦታቸው ተሰይመው ማዕዱን ባረኩ። ወጥ ልጨምርላቸው ጎንበስ ስል በዝግታ «ሁለት ወደቀ እንግዲህ» አሉኝ። ጭልፋው እጄ ላይ ነበር። ቅዱስ ቀን ባይሆንና አባቴ ከማዶ ባያየኝ ምን እንደማደርግበት እኔ ነኝ የማውቀው።

በነነዌ ሁለተኛ ቀን፣ ከተማ ተመልሼ፣ ፋይሉን ለመዝጋት ከፈትኩት። የሰኞው ሽሮ ቀርቷል፣ የሁለተኛው ቀን የድንኳን ኪራይ ቀርቷል። የቀረው ሳጥን አረንጓዴ ነው። እንደ ሰንጠረዡ ከሆነ ሠርጉ ከታሰበው ባነሰ ወጪ ነበር ያለቀው፤ ቦቃው መስመር አልነበረውም። ወንድሜ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ መልእክት ላከልኝ።

ሰኔ ሲገባ አባቴ ደወለ። አጎቴ መቀናጆ ይገባሉ፤ ግን «ልጅቷ መጥታ ትጠይቀኝ» ብለዋል። እምቢ ልል ነበር። «ጥማድ የለኝም እኮ» አለኝ አባቴ፣ እንደማላውቅ ሁሉ። ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ተቀምጠዋል። ቆሜ ጠየቅሁ።

«ለመቼ ነው?» አሉ።

«ለሐሙስ።»

«ሐሙስ የማን ቀን ነው?»

«በዓል የለበትም። ይታረስበታል።»

«በስልክሽ ነው ያየሽው?»

«አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጠይቄ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ደስ ያላቸው መሰለኝ፣ ወይም ያዘኑ፤ ፊታቸው አይነበብም። «እንዲያ ነው» አሉ። «ሐሙስ የኔ መሬት ይታረስ። ዓርብም። ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ነው። ለወንድሜ ሰኞ ይሁን።»

እሁድ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ሲዘንብ አምሽቶ ሲዘንብ አደረ። ሰኞ ጠዋት የአባቴ ማሳ በሬ የሚያስገባ አልነበረም፤ እግር ይውጥ ነበር። የአጎቴ መሬት ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ዝናቡን እየጠጣ ነው። አባቴ ዘንድሮ ሌላው ሰው ከዘራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘራ። ገብሱ አጭር ሆኖ ቀረ።

ባየሁት ቁጥር ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል፣ ጤናዬን ይጠይቀኛል። ስለ ቦቃው አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። አንዴ እንኳ ቢወቅሰኝ አጎቴን ብቻ እየጠላሁ እኖር ነበር።