ውዴ ጥላ አልጣለችም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ጾም ሻርኩ፣ ሰው ሰደብኩ እያልኩ ስናዘዝ ይህን ግን ዋጥኩት። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

የሚያንጨረጭረኝ ደግሞ ሰው ሁሉ «ሳይሳሳቱ መማር የለም» ሲል ነው። እሺ፣ በማን ክንድ? እኔ ወጌሻ ነኝ፤ የምማረው በሰው አጥንት ነው!

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ከደብረ ታቦር በታች መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ተንከባሎ የጎረቤቴን የቢምረውን ቀኝ ክንድ ሰበረው። የአገሩ ወጌሻ አጎቴ ነበሩ፤ ያን ሰሞን ግን እብናት ወርደዋል። እኔ ሦስት ዓመት እጃቸውን እያየሁ የተማርኩ፣ ብቻዬን ግን ከዶሮ እግር በቀር ጠግኜ የማላውቅ፣ «እኔ አለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። አጥንቱን ገጠምኩ፣ በሸምበቆ ደግፌ በመቀነት ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። አጎቴ «ካሰርህ በኋላ ጥፍሩን ጫን ብለህ እይ፤ ደሙ ካልተመለሰ ቶሎ ፍታ» ብለውኝ ነበር። አላየሁም። ረሳሁት እንዳልል አልረሳሁም፤ ሰው ከቦ ሲያየኝ የተጠራጠርኩ እንዳልመስል ነው።

በማግስቱ ሚስቱ ውዴ መጣች። «ጣቴ ደነዘዘ ይላል፤ በሞቴ ላላ አድርግለት» አለችኝ።

«ሲገጥም ነው፤ እንዳትነኪው!» ብዬ ተቆጣኋት። እኔ፣ ምኑም ያልገባኝ! በሦስተኛው ቀን ስፈታው እጁ ጠቁሯል፣ ሸትቷል።

እስከዚህ ያለውን ስሕተት በሉት። ግድ የለም፣ በሉት። አጎቴም በወጣትነታቸው የአንድ ሰው እግር አጣመው፣ አልቅሰው ተናግረዋል፤ ሰውም ይቅር ብሏቸዋል። እኔስ «አጥብቄ ያሰርኩት እኔ ነኝ» ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? ወጌሻነቱ? ቢቀርስ!

ቤቱን የሞላው ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ «ጥላ ተጥሎበታል» አልኩ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ከሰው አልጋ የተነሣ ሰው ቁስለኛ ዘንድ ከገባ ቁስሉ ያመረቅዛል ይባላል። ቢምረው ዘንድ የምትገባ የምትወጣ ደግሞ ውዴ ብቻ ናት። ባሏ ተኝቷል፤ ታዲያ ከማን ጋር? ይህን አላሰብኩም ልበል? ክው ስትል አይቻታለሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ።

የጣሊያኑ ሐኪም ክንዱን ከክርኑ ቆረጠው። ቢምረው ነፍሱ ተረፈች፤ ውዴን ግን አባረራት። «ማርያምን አላደረግሁም» እያለች ወደ ወገኖቿ ወደ አንበሳሜ ሄደች፤ እዚያው ሞተች።

እኔ ከዚያ ወዲህ አንድም ክንድ አላበላሸሁም። ስመ ጥር ወጌሻ ሆንኩ። ተማርኩ፣ አያችሁ?

ቢምረው ሊሞት ሲል አስጠራኝ። ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርጎ «አንተ ታውቃለህ፤ ሰውየው ማን ነበር?» አለኝ። ሰውየው እንደሌለ እያወቅሁ «እግዜር ያውቃል» አልኩት።

ይቅር ማለት የሚችሉ እሱና እሷ ነበሩ፤ ሁለቱም አፈር ገብተዋል። እናንተ ተነሥታችሁ «ይቅር ይበልህ» እንዳትሉኝ። እናንተን ምን በደልኳችሁ?