የወፏና የባለ እባጯ ሞግዚት

እኔን ብሎ የእንስሳ ሞግዚት። የገዛ ዶሮዎቼን ለጭልፊት ሳስበላ የኖርኩ ሴት የፈረንጅ እንስሳ ልጠብቅ ገባሁላችሁ።

ጣልያን ሳይገባ ነው። አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ እንስሳ ከውጭ እያስመጣ የሚሸጥ ሙሴ የምንለው አንድ ፈረንጅ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሳጥን አሳየኝ። በአንዱ ቢጫ ዘፋኝ ወፍ፤ በሌላው አይጥ የምታክል፣ ዓይኗ የፈጠጠ፣ ከባሕር ማዶ የመጣች ፍጥረት።

"ለወፏ ጥሬ፣ ለዚች ማርና ፓፓያ። እኔ ድሬዳዋ ደርሼ እመጣለሁ። አንዷ ብትሞት ግን አንቺም እዚህ ቤት የለሽም" አለኝ። የታመመች እናቴ የምትበላው በዚያ ሥራ ነበር።

ወፍ አውቃለሁ ብዬ ሌላዋንም በወፏ ለካኋት። ወፏ ጎህ ሲቀድ ትዘፍናለች፤ ያቺ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ወፏ ከእጄ ትለቅማለች፤ ያቺ እጄን ትነክሳለች። "ሰነፊት" አልኳት።

በአምስተኛው ቀን ሆዷ ላይ እብጠት አየሁ። በማግስቱ ባሰ። ሙሴው ደግሞ ያን ቀን በባቡር ይገባል። እኛ ዘንድ እባጭ ይበጣል፤ ሌላ መድኃኒት አላውቅም። ምላጭ እሳት ላይ አጋልኩና ጎረቤቴን ጫልቱን ጠራሁ። እንስሳዋን በነጠላ ጠቅልላ ያዘችልኝ።

"እባጭ በጥተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"ያንቺ ሥራ መያዝ ነው። ዝም ብለሽ ያዢ።"

ምላጩን አስጠጋሁ። እባጩ ተራገጠ።

"እባጭ እግር አለው እንዴ?" አለች ጫልቱ ቀስ ብላ።

የእንስሳዋን ፀጉር በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ሆዷ ላይ ኪስ አለ። ውስጡ የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታክል ራቁቷን ልጅ፣ ጡት ጎርሳ ተጣብቃለች።

ያኔም አልተማርኩም። ወፍ ጫጩቷን ጎጆ ውስጥ አይደል የምታሳድግ? ጥጥ አነጠፍኩና ልጂቱን ልስባት ጀመርኩ። አልለቅ አለች። እናትየዋ ጮኸች።

"ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ጡቱ ይበጠሳል" አለች ጫልቱ።

ባቡሩም ጮኸ። ጣቴን አውጥቼ እናትየዋን ሳጥኗ ውስጥ መለስኩና ዘጋሁ።

ሙሴው ሲገባ ምላጩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ጎንበስ ብሎ ኪሷን ሲያይ ልጂቱ ትጠባለች። ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈና "ነገ በጠዋት ነይ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ዓመታት ሠራሁ። የማታውቁትን እንስሳ በምታውቁት አትለኩት፤ ሥራው ይኼው ነው።

"ልጂቱን ያዳንኳት እኔ ነኝ" እያልኩ ሠፈሩን ስዞር ጫልቱ ሰማችኝ።

"አንቺ ምን አዳንሽ? ተራግጣ ራሷን አዳነች እንጂ።"