ታምራትን «ፓስተር» ብላችሁ አትቅበሩት

መጀመሪያ አላመንኩም። ሰናይት ጠዋት ደውላ «አባባ፣ ታምራት የለም» ስትለኝ «ቀልዱን ለኔ ተዪው፣ አንቺ አይሆንልሽም» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ያመንኩት ያኔ ነው።

ኤርፖርት የሚነዳውን የመንገደኛ ማመላለሻ፣ ሻትሉን፣ አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ አለ አሉ። እኔ ሰማንያ ልደፍን ምንም አልቀረኝ፣ በከዘራ እየተንፏቀቅሁ አለሁ። እሱ ሃምሳን እንኳ በቅጡ ሳያጣጥም ሄደ።

ለማታውቁት፣ ታምራት እዚህ ባዕድ አገር፣ ኒው ሆፕ በምትባለው ከተማ፣ ከኔ በታች ያለው አፓርትመንት ውስጥ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። ሰናይት ሚስቱ ናት። ቀን ሻትል ይነዳል፣ ማታ ሴሚናሪ፣ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት፣ ገብቶ ለአገልግሎት ማስተርሱን ይማራል። ቤተ ክርስቲያኑ ምርቃቱን ጠብቃ ፓስተር አድርጋ ልትሾመው ነበር። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በቀልድ ሳንነካካ የዋልንበት ቀን የለም።

የስብከት ትምህርት ሲወስድ መለማመጃው እኔ ነበርኩ። ክሊኒክ ላድርስዎት ብሎ መኪና ውስጥ ያስገባኝና ይጀምራል። ፕሮፌሰሩ በሃያ ደቂቃ ጨርስ ብሎታል። የኛ ሰው በሃያ ደቂቃ ሰላምታውን ይጨርሳል እንዴ? ፓርኪንግ ደርሰን እንኳ በሩን አይከፍትልኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀጠሮዬ አለፈ! ክፈት!»

«አባባ፣ መደምደሚያው ብቻ ነው የቀረው።»

«ሐኪሙ ጋ ሳልደርስ ልትገድለኝ ነው?»

«ቢሞቱም ሰምተው ይሞታሉ።»

ታግቼ ነው የተሰበክሁት።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ሆስፒታል ሄዳችሁ በሽተኛ እየጠየቃችሁ ተለማመዱ አላቸው። ታምራት የመጀመሪያው ክፍል እንደገባ፣ እንደ ለመደው፣ በሽተኛው ራስ ላይ እጁን ጭኖ ድምፁን ለቀቀው። ነርሶቹ እየሮጡ መጡ። ፈረንጁ ሽማግሌ በጨዋ ደንብ «ይቅርታ፣ እኔ የመጣሁት ለጉልበቴ ነበር። ልሞት ነው እንዴ?» አለው።

አስተማሪዋ ጠርታ «ግባ፣ ተቀመጥ፣ ስማ። ካልጠየቁህ አትጸልይ» አለችው።

«አባባ፣ ዝም ማለት በማስተርስ ደረጃ እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር» አለኝ።

«ሰናይት በነጻ ታስተምርህ ነበርኮ!» አልኩት። መሪውን እየመታ ሳቀ።

ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው ከዚያ የወጣው። መኪና ውስጥ መስበኩን ተወ። ጥያቄ ይጠይቀኝና ዝም ይላል። ወሬዬ መሀል ላይ ሲይዘኝ «አለሁ፣ ይጨርሱ» ይላል። በዚች «አለሁ፣ ይጨርሱ» አታሎኝ፣ ስለ ባለቤቴ የመጨረሻ ቀናት ለልጆቼ ያልተነፈስኩትን አውጥቼ ነገርኩት። አልሰበከኝም። ሶፍት አቀበለኝ።

ባለፈው ሰሞን መኪናውን ዳር አስይዞ «እኔ መድረክ አልፈልግም» አለኝ። «ሆስፒታል ነው መቅረት የምፈልገው። ከታመመ ሰው ጎን።»

«ንገራቸዋ!»

«እንዴት ብዬ፣ አባባ? ሱፍ አሰፍተውልኛል። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጎማ ላስቀይር ስቆም ‹ፓስተር› ይሉኛል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ‹ፓስተር›። በር ተዘግቶብኛል፤ የዘጉብኝ ደግሞ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። በማን ላይ ልጩህ?»

«ቀልዱን ትቼ ልምከርህ፤ ከሰናይት ጋር ተነጋገር» አልኩት። ለኔ ይሄ ብርቅ ነው።

ከሰናይት ጋር ተማክሮ በመጪው እሁድ ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር።

ዛሬ እነሰናይት ቤት ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ደወለልኝ። የቀብሩ ማስታወቂያ ላይ «ፓስተር ታምራት» ብለው ሊያወጡ ነው። የሹመቱን ወረቀት ቀብሩ ላይ ለሰናይት ይሰጧታል። «እርስዎም ቅርቡ ስለነበሩ፣ መድረኩን ምን ያህል ይናፍቅ እንደነበር ይመስክሩልን» አለኝ፣ እያለቀሰ። የሚያለቅስን ሰው ምን ይሉታል?

ስልኩን ስዘጋ ሰናይት «አባባ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ ፊታቸውን እያየሁ አልችልም» አለች።

እኔስ? ብናገር፣ ኦርቶዶክሱ ሽማግሌ የሰው ለቅሶ በጠበጠ ልባል ነው። ዝም ብል፣ ልጁን በሕይወት እያለ ሊወጣ ካልቻለበት ቤት ውስጥ፣ ሞቶም ልቆልፍበት ነው። ግራ ቀኙን አየሁ፤ መሹለኪያ የለም።

ስለዚህ ሰናይትን አስፈቅጄ ሁላችሁም በምታነቡት እዚሁ ገጽ ላይ ልጻፈው። ወንድሞቼ፣ ታምራት መድረኩን አይናፍቅም ነበር። እናንተን ጠልቶም አይደለም። እናንተን ማሳዘን አቅቶት ነው እንቅልፍ ያጣው። ሱፉን አልብሱት፤ ያምርበታል። ማዕረጉን ግን ተዉለት። ስለ ትምህርቱ መናገር ካለባችሁ፣ የማያውቀው ሰው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያዳምጥበት ስለነበረው ሆስፒታል ተናገሩ። የተጠራው ለዚያ ነበር።

ታምራት፣ እሁድን ሳታያት ቀረህ። ልትለው የነበረውን እኔ አልኩልህ፤ እንደ አንተ ባላሳምረውም ከሃያ ደቂቃ በታች ነው። ይህን ሲያነቡ ስልኬ መጮህ ይጀምራል፣ አነሳዋለሁ። ቁጣውን ለኔ ተውና አንተ በሰላም ሂድ።

ደህና ሁን፣ ታምራት። ታምራት ብቻ።